አክስቴ የወደደቻቸው ማስታወቂያዎች

አክስቴ ጆሮዋ አይሰማም። በልጅነቷ ክፉኛ ታማ ስትነሳ እንደተዘጋ ነው የሚነገረው፤ እኔ ካወቅኋት ጀምሮ እንዲሁ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ነች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ የምልክት ቋንቋ ያስተማራትም ሰው የለም። ቤታችን ውስጥ ግን ሁላችንም የምንግባባበት የእጅ ንግግር ነበረን፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔን ስትጠራ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጣት ወጋ ወጋ ታደርጋለች፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መርፌ ማለቷ ነው። ብርድ ለማለት ትከሻዋን ታቅፋለች። ውሸት ለማለት ምላሷን አውጥታ በጣቷ ትነካለች። እንግዳ ለማለት በሩን ታሳይና ከወገቧ ጎንበስ ትላለች።

መንዝ ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጉልበቷ ዳገት መውጣት እምቢ ሲላት ደብረ ብርሃን አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኳት። የምኖረው በኪራይ ነው፤ አንዱ ክፍል መኝታችን፣ ሌላው የስፌት መኪናዬ የተቀመጠበት ሥራ ቤቴ ነው። አገሯ እያለች ቀኑን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል ነበር የምትውለው። ከእጇ የወጣውን ፈትል ሸማኔ ወስዶ ባና ይሠራበታል፤ የመንዝን ብርድ የሚችለውን ያን ወፍራም የሱፍ ልብስ። ደብረ ብርሃን ስትመጣ እጇ ሥራ ፈታ። ደንበኞቼ ሲገቡ ፊታቸውን አይታ ፈገግ ትላለች፣ ያመጡትን ጨርቅ ትዳስሳለች፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። እንዳትሰለች ብዬ ጥጉ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልኬን ሰጠኋት።

በጣቷ ማንሸራተቱን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀባትም። ማንበብ ስለማትችል የምትመርጠው ሥዕሉን አይታ ነው፤ ስልኩም የምታየውን እየተከታተለ የምትወደውን ያቀርብላት ጀመር። ጭቃ የሚያቦኩ ሰዎች፣ እንጨት የሚጠርቡ ሰዎች፣ የት አገር እንደሆነ በማላውቀው ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥሉ ሰዎች። ከሁሉ አብልጣ የምታያት ግን የበግ ጠጉር የምትፈትል አንዲት ሴት ነበረች። የሴትዮዋ ፊት አይታይም፤ እጇ፣ እንዝርቷና ጉልበቷ ላይ የጣለችው ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው። አትናገርም፤ ሙዚቃም የለውም። እሷ ስትመጣ አክስቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፤ አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በጣቷ መስታወቱን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትቆጣታለች።

እኔም ብሆን ያለ ስልክ አልሠራም። ስፌት የተማርኩት ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው፤ አዳዲስ ቅድ የማየው ግን ከቪዲዮ ነው። በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ሰው አለ፤ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ የሚያሳይ። አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛዬን የኮት ኮሌታ እሱን እየተከተልኩ ልቆርጥ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ። ሰውየው «እዚህች መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ» እንዳለ ቪዲዮው ተቋረጠና አንድ ወጣት ለስላሳ መጠጥ እየጠጣ መጨፈር ጀመረ። መቀሱ እጄ ላይ ነው፤ መታጠፊያዋ ጋ ደርሻለሁ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ከዚያ የሚለው ገብቶኛል ብዬ ቆረጥኩት። ጭፈራው ሲያልቅ ሰውየው ተመለሰና «እንዳትቆርጡ» አለ።

ያንኑ ቀለም ጨርቅ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። ማታ ስገባ ጎረቤቴን ግቢው በር ላይ አገኘሁት። ከወለጋ ተፈናቅሎ ከነቤተሰቡ የመጣ ገበሬ ነው። መጀመሪያ መጠለያ ጣቢያ ነበሩ፤ በኋላ እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። የሚያርሰው መሬት ሲጠፋ፣ ያው እጁ ሥራ ለምዷልና፣ መጠለያው ውስጥ የተበላሸ ስልክ መፈታታት ጀመረ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ከቨርና ቻርጀር ይሸጣል፤ ለሰው አፕ ይጭናል። የኮሌታውን ነገር ስነግረው ሳቀብኝና ማስታወቂያ የማያሳልፍ አፕ እንዳለ፣ ዳታም እንደሚቆጥብልኝ ነገረኝ። እዚያው ቆመን ጫነልኝ። ገባ ብዬ የአክስቴንም ስልክ አመጣሁና በእሱም ላይ አስጫንኩ። ደግ ነገር ያደረግሁላት መስሎኛል።

ለእኔ ትልቅ እፎይታ ሆነ። የኮሌታው ሰው ካፉ ሳይነጠቅ ይናገራል፤ ፓኬጁም ይበረክታል። አክስቴ ግን ስልኩን ማስቀመጥ አበዛች። ታነሳዋለች፣ ጥቂት ታያለች፣ መልሳ መስኮቱ ላይ ታኖረዋለች። አንድ ጠዋት መኪናዬ ላይ ሳለሁ መጥታ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ እንጨት እንደሚሰብር ሰው አደረገች፤ ተበላሽቷል ማለቷ ነው። ከፈትኩት፤ ይሠራል። ፈታይዋን ከፍቼ ሰጠኋት። አላየቻትም። እጄን ገፋ አድርጋ ሄደች። ለጎረቤቴ አሳየሁት፤ እሱም አገላብጦ አይቶ ምንም እንዳልሆነ ነገረኝ።

በማግስቱ እንደገና አመጣችው። አልገባኝም ብዬ ትከሻዬን ስሰብቅ ወለሉ መሃል ቆመች። በጣቶቿ አንድ ልጅ ሲሮጥ አሳየች፤ ልጁ ወደቀ፤ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ከዚያ እሷ ራሷ እናትየዋ ሆነች፤ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቆጣች። ልብሱን ነከረች፣ አሸች፣ አንስታ አራገፈችው፤ ገመድ ላይ ሰቅላውም ንጣቱ ዓይኗን እንደወጋት ሁሉ ፊቷን በእጇ ጋረደች። በመጨረሻ ልጁን አቅፋ በድምፅ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ወደ ስልኩ ጠቆመችና ባዶ እጇን ዘረጋችልኝ። የት ሄዱ?

የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። እኔ መቶ ጊዜ እየዘለልኩ ያለፍኩት፣ ምኑንም የማላስታውሰው።

ሳቄ መጣ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የዚያን ቀን ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና በእኔ ስልክ አፑን ትቼ እንደ ድሮው ከፍቼ፣ ድምፁን ዘግቼ እንደ እሷ ማየት ጀመርኩ። ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስለ ምን እንደሆነ ምንም ፍንጭ የለውም። እነ ጭቃ አቡኪውና እንጨት ጠራቢው የሚሠሩት ይገባል፤ እነሱ ግን እጅ ብቻ ናቸው። ማስታወቂያው ሲመጣ ፊት ይመጣል። አንዱ ተጨንቋል፤ የሆነ ነገር ይደርስለታል፤ ይደሰታል። እናትና ልጅ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሽማግሌ ስልክ ደውሎ ልጁን ያይና ያለቅሳል። ቃል ሳያስፈልገው መነሻና መድረሻ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። አክስቴ ቪዲዮዎቹን እያየች ስትውል የምትጠብቀው እነዚህን ሰዎች ኖሯል።

እነማን ናቸው ብላ እንደምታስብ ማወቅ ፈለግሁ። ወደ ስልኩ ጠቁሜ ፊቴን በጥያቄ አኮማተርኩላት። ምን እንደምጠይቃት ገባት። በሩን አሳየችኝና ከወገቧ ጎንበስ አለች። እንግዶች።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ወደ ሥራ ሲወጣ ጠብቄ ከእሷ ስልክ ላይ አፑን እንዲያነሳው ለመንኩት። እየነካካ ሳለ፣ ለስንት ሰው ሲጭን አንድም ሰው ማስታወቂያዬን መልስልኝ ብሎት እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ስልኩን እየመለሰልኝ «ለነገሩ ሠሪዎቹ የሚከፈላቸው ከእሱ ነው» አለ።

«የትኞቹ ሠሪዎች?»

«ቪዲዮውን የሚሠሩት ናቸዋ። ያ የኮሌታው ሰውዬሽ። ማስታወቂያው ሲታይ ለሱም ትንሽ ይደርሰዋል። እኛ ዘንድ ሲዘጋ ምንም የለውም።»

ይህን ያህል ዘመን ስመለከት ከየት እንደሚበሉ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮሌታ የሚያስተምረኝ ሰው ኮሌታ ሰፍቶ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ ማስተማሩ ከፍቅር ብቻ የሚመጣ ነገር አድርጌ ነው የወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ጨርቅ እየቆረጥኩ ስለሱ አሰላስላለሁ። ሱቁ ኪራይ ይሆን? ሚስት አለችው? ሲቀርጽ ደንበኛ ቢገባበት ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ለሱ ስል አፑን ትቼ እንደ ድሮው ከፈትኩና ማስታወቂያውን ሁሉ እስከ መጨረሻው እያየሁ ትምህርቱን ጀመርኩ። እጅጌው ሳያልቅ ፓኬጄ አለቀ። ሌላ ካርድ ልሙላ ወይስ ሥራዬን ልቀጥል ብዬ ጥቂት ተቀመጥኩ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። በሚቀጥለው ቀን ወደ አፑ ተመለስኩ።

የአክስቴ ስልክ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። እንግዶቿ ተመለሱ፤ እሷም መስኮቱን ትታ ወደ ስልኩ ተመለሰች። እኔም በምሳ ሰዓት አብሬያት ማየት ለመድኩ። ፈታይዋ ስትመጣ አክስቴ እንደ ልማዷ መስታወቱን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ስትቆጣ፣ ይቺ ሴት የት አገር ትሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እንዝርቱ የኛ ነው፤ ነጠላው የኛ ነው። ቻናሏ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ከቪዲዮው ሥር በአማርኛ ጻፍኩላት፦ አክስቴ መስማት የተሳናት የመንዝ ፈታይ እንደሆነች፣ በየቀኑ እንደምታያት፣ አፈታተሏንም እንደማትወድላት። መልስ አልጠበቅሁም። ሌላ ቀን ስከፍተው መልሳልኛለች። አንኮበር አጠገብ ነው የምትኖረው። «እማማን ይዘሻቸው ነይ፣ ይቆጡኝ» ይላል።

መንገዱ ደህና ነው በተባለ ሰሞን ሄድን። አክስቴ ወዴት እንደምንሄድ ስትረዳ ከሻንጣዋ ሥር እንዝርቷን አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለች። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ይዛ፣ ገብሱንና ባቄላውን፣ የድንጋይ አጥሩን፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚግጡትን ጭላዳዎች ስታይ ሄደች። አንኮበር ስንደርስ ጉሙ ከበታች ወደ ላይ እየወጣ ነበር። አንዲት ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። አክስቴ ፊቷን አላየችውም፤ ቀጥታ እጇን ያዘችና አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች፤ እሷ ናት።

ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ገደሉን ፊት ለፊት የሚያይ የድንጋይ ቤት ነው። ባሏ ማሳ ወርዷል። ቆሎና አሬራ አቀረበችልን። ንፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ እያንኳኳ ስለነበር ለመሰማማት ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ አክስቴ ብቻ ናት ምንም ያልቸገራት። በቪዲዮዎቿ ላይ ለምን እንደማትናገር ስጠይቃት እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች።

«መጀመሪያ እናገር ነበር» አለች። «መልሼ ስሰማው ንፋሱ ነው እንጂ እኔ የለሁም። ስለዚህ ድምፁን አጠፋሁት።»

ድምፁን ስታጠፋ ነበር ሰው መምጣት የጀመረው። ከየአገሩ ዝምታውን ወደድነው እያሉ ይጽፉላታል። ቻናሉን የሚያስተዳድረው አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ ነው፤ እንግሊዝኛውንም የሚጽፈው እሱ፣ ክፍያውም የሚመጣው በሱ በኩል ነው። አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። በመጣ ጊዜ ከጎረቤቶቿ የበግ ጠጉር ትገዛበታለች፤ ድሮ የራሷን በጎች ጠጉር ብቻ ነበር የምትፈትለው። የምትቀርጸው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ስልኩን ድንጋይ ላይ ደግፋ፣ አንዳንዴም በግ እየመጣ እየገፋባት። የተቀረጸውን ለመላክ ደግሞ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ትወጣለች።

ልጠይቃት የመጣሁትን ጥያቄ እዚያው ቆሎውን እየቆረጠምን ጠየቅኋት። እኔ ስልክ ላይ ማስታወቂያ የሚዘጋ አፕ እንዳለ፣ የእሷንም እንደሚዘጋ ነገርኳትና ይከፋት እንደሆነ ጠየቅሁ። ፈገግ አለችና ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ አሳየችኝ። ያው አፕ ነው።

«አንዷን ቪዲዮ ልኬ ሳልጨርስ ፓኬጄ ያልቃል፤ ማስታወቂያ የማይበት ከየት አባቴ አምጥቼ?» አለች።

ማስታወቂያ የዘጋ ሰው አያስከፋትም። አይቷታል፤ ፈትሏን አይቶ ሄዷል። የሚያስከፋት ሌላ ነው፤ ቪዲዮዋን አውርደው ሙዚቃ ጨምረው የራሳቸው አድርገው የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። አንዴ የራሷን እጅ ሌላ አገር ነው በተባለ ቪዲዮ ላይ አይታ ጣቷ ላይ ባለው ጠባሳ ነው ያወቀችው። ጠባሳውን አሳየችን። አክስቴ ዳሰሰችው።

«ታዲያ ያንቺ ቪዲዮ ላይ ምን ማስታወቂያ እንደሚመጣ አይተሽ አታውቂም?» አልኳት።

ቆሎው እጇ ላይ ቀረ። «አላውቅም» አለች። «ምን ምን ይመጣል?»

እኔም አላውቅም፤ የፈታይዋን ቪዲዮ ከአክስቴ ጋር ሳይ ማስታወቂያው ሲጀምር ሥራዬን የማነሳ ሰው ነኝ። የሚያውቅ ሰው ግን መሃላችን ነበር። አክስቴን ነካኋትና ወደ ስልኩ፣ ወደ ሴትዮዋ፣ ከዚያ ወደ በሩ ጠቁሜ ጎንበስ አልኩ። የእሷን እንግዶች አሳያት።

አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች። የሳሙናዋን ሴት አሳየች፤ ልጁ ወደቀ፣ ልብሱ ነጣ። አሸዋ ላይ የሚበር መኪና አሳየች፤ ሁለት እጇ መሪ ላይ፣ ፀጉሯ በንፋስ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ሆና ጉንጯን ይዛ ተንቆራጠጠች፤ ከዚያ ፖም ገምጣ ፈገግ አለች። ፈታይዋ እየሳቀች ዓይኗን ታብሳለች። አሁን ለማን እንደምትሠራ የምታውቅ ይመስል በየመሃሉ «ይኼም በእኔ ላይ ነው?» ትለኛለች፤ እኔ አክስቴን እጠይቃለሁ፤ አክስቴ ራሷን ትነቀንቃለች።

መጨረሻ ላይ አክስቴ መሬት ላይ ጋደም አለች። ትከሻዋን አቀፈች፤ ብርድ ነው። ከላይዋ ወፍራም ነገር ሳበች። ነገሩ ይቆረቁራት ጀመር፤ አንገቷን አከከች፣ ክንዷን አከከች፣ ተገላበጠች። ተነሥታ ነገሩን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ጥግ ወረወረችው። በሩ ተንኳኳ፤ ጥቅል መጣ፤ ከጥቅሉ ውስጥ ለስላሳ ብርድ ልብስ ወጣ። ጉንጯን አሻሸችበት፣ ውስጡ ገብታ ተኮማተረች፣ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

ፈታይዋ መሳቅ አቁማለች። «የጣለችው ምንድን ነው?» አለችኝ።

አክስቴን ጠየቅኋት። አክስቴ አልተጨነቀችም። ጣቷን እንዝርት እንደምታሾር አደረገችና ወደ ጥጉ ጠቆመች።

ጉብታው ላይ ወጥተን በአክስቴ ስልክ ለማየት ፈለገች። ወጣን። ንፋሱ ነጠላችንን ይገፋል። የራሷን ቪዲዮ ደጋግማ ከፈተችው፤ አንዴ መኪናው መጣ፣ አንዴ ምንም አልመጣም። በኋላ አክስቴ ያስመሰለችው ሰው መጣ። ግራጫ የሱፍ ልብስ ለብሶ ያክካል። ባና ይሁን የሌላ አገር ሱፍ መለየት አይቻልም፤ ግን ያው የበግ ጠጉር ነው። ከዚያ ፋብሪካ የሠራው፣ ቀለሙ የሚያበራ ብርድ ልብስ ተዘረጋ። ማስታወቂያው ሲያልቅ የእሷ እጅ ታየ፤ እንዝርቷን ማሾር ጀመረች።

ስልኩን ለአክስቴ መለሰችላት። 

«አሁን እቤት ያለውን ጠጉር የገዛሁት በዚህ ነው ማለት ነው» አለች።

 ክፋት እንዳልሆነ፣ ማሽን የሚመርጠው ነገር እንደሆነ፣ የሱፍ ፈትል የሚያይ ሰው ብርድ ልብስ ይገዛል ብሎ አስልቶ ይሆናል ብዬ የመሰለኝን ነገርኳት። ገብቷታል፤ ከእኔ በላይ ሳይገባት አልቀረም። ከፈትሏ የተሠራውን ባና የሚገዛት እየቀነሰ እንደሆነ፣ ያካባቢው ወጣት ይቆረቁራል ብሎ የፋብሪካውን እንደሚገዛ ነገረችኝ። «እውነቱን ነው፣ ይቆረቁራል» አለችና ፈገግ አለች።

ስንወርድ አክስቴ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። የመጣችው ለማስታወቂያ አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ስንደርስ እንዝርቷን ከጨርቁ ፈታ አወጣች፣ ከተነደፈው ጠጉር ዘግና ተቀመጠች። ሴትዮዋ ጠጉሩን ከላይ ሳብ እያደረገች ታቀጥነዋለች፤ አክስቴ ደግሞ ከታች በአውራ ጣቷ እየያዘች ቀስ እያለች ትለቀዋለች። ሁለቱም በየራሳቸው ፈተሉ፣ ተያዩ፣ ፈትሉን ጎትተው ሞከሩ። የሁለቱም አልተበጠሰም። አክስቴ የሴትዮዋን ቀጭን ነው ብላ በጣቷ አሳየች፤ ሴትዮዋ የአክስቴ እንደሚከብድ አሳየቻት። አልተማመኑም። ፈታይዋ መቅረጽ እንደምትፈልግ በእኔ በኩል ጠየቀቻት። አክስቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና እጇን ብቻ ወደ ስልኩ አቀረበች።

ቪዲዮው የወጣው ከተመለስን በኋላ ነው። ወጣት እጅና ያረጀ እጅ፣ ጎን ለጎን፣ ያለ አንድ ቃል። ከሥሩ ሰው ተከራከረ፤ ከላይ ይሻላል፣ ከታች ይሻላል፣ አያቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ በማላውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ሳይቀር። እኔ እያስተረጎምኩ ለአክስቴ ማሳወቅ ሞከርኩ። ብዙ አልገረማትም። የገረማት ከእጇ በፊት የሳሙናዋ ሴት መምጣቷ ነበር። ወደ ሳሙናዋ ሴት፣ ከዚያ ወደ ራሷ እየጠቆመች ሁለት ጣቷን አጣብቃ አሳየችኝ፤ አብረን ነን ማለቷ ነው።

ፈታይዋ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ወንድሟን የብርድ ልብሱን ነገር ጠይቃው ኖሯል። ለካ ቻናል ያለው ሰው አንዳንድ ማስታወቂያዎች በእኔ ላይ አይምጡብኝ ማለት ይችላል። ገቢው ይቀንስ ይሆናል ብሎ ወንድሟ አመነታ፤ እሷም ብዙ አሰበችበት። አንድ ቀን የሚጥለው ልብስ ባና ባይሆንስ ትላለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ የሱፍን ፈትል ሊያይ የመጣ ሰው ሱፍ ሲጣል ማየት የለበትም ትላለች። በስተመጨረሻ እንዲዘጋው ነገረችው። ገቢው ቀንሶ እንደሆነ ወንድሟም እርግጠኛ አይደለም፤ ሁልጊዜም ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነው።

አክስቴ ግን ወዲያው አወቀች። ፈታይዋን ስትከፍት የሚያክከው ሰው እንደማይመጣ አሳየችኝና ለምን አለችኝ። እውነቱን ላስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ ፈታይዋ በሩ ላይ ቆማ እንግዳውን ስትመልሰው ሠራሁላት። አክስቴ አሰበች። የሰውየውን ማከክ፣ የልብሱን መወርወር እንደገና ደገመችው። ከዚያ ምላሷን አውጥታ በጣቷ ነካች። ባና እንዲያ አይቆረቁርም፤ ውሸት ነው ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ቢሆንም እንዲመለስላት ትፈልጋለች። የሚዋሽም እንግዳ ቢሆን ያስቃታል።

እኔ ደግሞ እንዲህ ሆኛለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ አፑ አይነሳም፤ መቀስ ይዤ የሚጨፍር ሰው አልፈልግም። ፓኬጄ ሊያበቃ ሲል ግን የቀረችው ዳታ እንዲሁ ከምትቃጠል ብዬ አፑን ትቼ የኮሌታውን ሰው ወይም የፈታይዋን እከፍታለሁ፤ አክስቴ ትመጣለች። ያ ሰው ኪራይ ይክፈል አይክፈል አሁንም አላውቅም፤ ጽፌለት አልመለሰልኝም። ከማስታወቂያው ገንዘብ ምን ያህሉ ለሱ እንደሚደርስ ያስረዳኝም የለም። ጎረቤቴ እንኳ የሚያውቀው እስከዚያው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ መጣ። አንድ ሽማግሌ ባዶ የባቡር ጣቢያ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ሴት መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። አይነጋገሩም። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቁልፍ ትሰጠዋለች፤ እሱ ቁልፉን አይቶ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ነገር ይመጣና ያልቃል። አክስቴ ቤት ነው የሚሸጠው አለች። እኔ መድኃኒት መስሎኛል፤ የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ እጁ የተንቀጠቀጠው ሴትዮዋን ስላወቃት ነው አለች። ልናረጋግጥ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈትነው፤ ሌላ ማስታወቂያ መጣ። እንደገና ከፈትነው።